በሙከራ የሚከፈት የአውቶቡስ ረድፍና የነጋዴው መዝገብ

የከተማ መንገድ ለነጋዴ ሁለተኛ መደብሩ ነው ቢባል ከእውነት የራቀ አይሆንም። ዕቃው ከመጋዘን ወጥቶ ወደ ሱቁ የሚገባው፣ ገዢውም ከቤቱ ተነሥቶ ወደ ሱቁ የሚደርሰው በመንገድ ነው። ስለዚህ ማዘጋጃ ቤት የአንድን መንገድ ሥርዓት ለመለወጥ ባሰበ ጊዜ ከሁሉ አስቀድሞ ሥጋት የሚያድርበት በዚያ መንገድ ዳር መደብር የከፈተ ሰው ነው። ሥጋቱም ያለ ምክንያት አይደለም። የአንድ ወር ገቢ መጉደል ለትልቅ ኩባንያ ቀላል ነገር ሊሆን ይችላል፤ ለቸርቻሪው ግን የቤት ኪራይና የሠራተኛ ደመወዝ ማለት ነው።

በብዙ አገሮች ከተሞች ከሚታዩት ከእነዚህ ለውጦች አንዱ ለአውቶቡስ ብቻ የተለየ የመንገድ ረድፍ ነው። ይህ ጽሑፍ የአውቶቡስ ረድፍ ምን እንደ ሆነ፣ በሙከራ መልክ ሲጀመር በመንገዱ ዳር የሚነግዱትን ሰዎች እንዴት እንደሚነካ፣ ነጋዴውም በሙከራው ጊዜ ጥቅሙን በምን አኳኋን ለመጠበቅ እንደሚችል ያስረዳል። ለዚህም በኒው ዮርክና በቶሮንቶ ከተሞች የተደረጉት ሙከራዎች ምሳሌ ሆነው ቀርበዋል። በጽሑፉ ውስጥ የሚገኙት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር የተጻፉ ናቸው።

የአውቶቡስ ረድፍ ምንድን ነው?

የአውቶቡስ ረድፍ የሚባለው ከሰፊ መንገድ ላይ በቀለም ተከፍሎ ለሕዝብ ማመላለሻ አውቶቡስ የሚሰጥ ክፍል ነው። ሌላ ተሽከርካሪ በተወሰነው ሰዓት ውስጥ እንዲገባበት አይፈቀድለትም፤ ቢገባ መቀጫ ይከፍላል። አንዳንድ ጊዜም አንድ ረድፍ ብቻ ሳይሆን መንገዱ በሙሉ ለአውቶቡስ ቅድሚያ እንዲሰጥ ይደረግና የግል አውቶሞቢሎች ከዳር እስከ ዳር ቀጥ ብለው እንዳያልፉበት ይከለከላሉ።

አሳቡ አዲስ አይደለም። ፓሪስ በ1964 ዓ.ም. በሴን ወንዝ ዳር በሚያልፉት መንገዶች፣ ለንደንም በ1968 ዓ.ም. በቮክስሆል ድልድይ ላይ እንዲህ ያለውን ረድፍ ለአውቶቡስ ለይተዋል። ከዚያ ወዲህ በየክፍለ ዓለሙ ብዙ ከተሞች ይህንኑ ፈለግ ተከትለዋል።

ምክንያቱን ለመረዳት ቀላል ሒሳብ ይበቃል። መብራት ባለበት የከተማ መንገድ ላይ በአንድ ረድፍ በሰዓት 600 አውቶሞቢሎች ያልፋሉ እንበል። በእያንዳንዱ አውቶሞቢል ውስጥ በአማካይ አንድ ሰው ተኩል ቢገኝ፣ በሰዓቱ ውስጥ የሚያልፈው ሰው 900 ይሆናል። በዚያው ረድፍ በየደቂቃው አንድ አውቶቡስ ቢያልፍና በእያንዳንዱ 60 ሰው ቢሳፈር ግን ቍጥሩ 3,600 ይደርሳል። መንገዱ አልሰፋም፤ አስፋልቱም አልተጨመረም፤ የሚያልፈው ሰው ግን አራት እጥፍ ሆኗል። ይህን ሒሳብ ነጋዴው ሊንቀው አይገባም፤ ምክንያቱም በሱቁ በር ገብቶ ዕቃ የሚገዛው ሰው እንጂ አውቶሞቢል አይደለም።

ይሁን እንጂ ሒሳቡ ሁሉንም ነገር አይናገርም። ያው ረድፍ ቀድሞ ካሚዮን ቆሞ ዕቃ ያወርድበት የነበረ፣ ወይም ደንበኛው አውቶሞቢሉን አቁሞ ለጥቂት ደቂቃ ወደ መደብር ይገባበት የነበረ ስፍራ ሊሆን ይችላል። ጥቅሙ ለከተማው ሁሉ ሲካፈል፣ ጉዳቱ ግን በመንገዱ ዳር ባሉት ጥቂት ሰዎች ላይ ሊያርፍ ይችላል። ክርክሩ የሚነሣው ከዚህ ነው።

የኒው ዮርክ 14ኛ መንገድ

በኒው ዮርክ ከተማ በማንሃተን ክፍል ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ የሚያቋርጠው 14ኛው መንገድ እጅግ ንግድ የበዛበት ነው። ከሥሩ ኤል የሚባለው የምድር ውስጥ ባቡር ያልፋል። በ2012 ዓ.ም. በኦክቶበር ወር ሳንዲ የተባለው ማዕበል በመታ ጊዜ ባቡሩ ከወንዙ በታች የሚያልፍበት ዋሻ በጨው ውሃ ተጥለቀለቀ። ዋሻውን ለማደስም ባቡሩ ከ2019 ዓ.ም. አፕሪል ወር ጀምሮ ለ15 ወራት እንዲቋረጥ ታቀደ። ባቡር የሚያጣው ሕዝብ በላይኛው መንገድ እንዲጓጓዝ፣ 14ኛው መንገድ ለአውቶቡስ እንዲለይ የታሰበው በዚህ ምክንያት ነበር።

በ2019 ዓ.ም. መጀመሪያ ላይ ባቡሩን ፈጽሞ መዝጋት እንደማያስፈልግ ተገለጠ። ከተማው ግን የአውቶቡሱን አሳብ አልተወም፤ ለ18 ወራት በሙከራ እንዲቆይ ወሰነ። በአካባቢው የሚኖሩ ሰዎች ማኅበራት፣ ከመንገዱ የሚባረረው አውቶሞቢል ሁሉ ወደ ጎረቤት ጠባብ መንገዶች ይጎርፋል፣ ጥናቱም በሚገባ አልተደረገም በማለት ወደ ፍርድ ቤት ሄዱ። በይግባኝም ምክንያት ነገሩ ለወራት ከዘገየ በኋላ ሙከራው ኦክቶበር 3 ቀን 2019 ዓ.ም. ተጀመረ።

የሙከራው ደንብ ለነጋዴ ትምህርት የሚሰጥ ነው። ከ3ኛው እስከ 9ኛው አቬኑ ባለው ክፍል፣ ከጧቱ 12 ሰዓት እስከ ምሽቱ 4 ሰዓት ድረስ፣ በመንገዱ ላይ ቀጥ ብለው እንዲያልፉ የተፈቀደላቸው አውቶቡሶች፣ የአደጋ ጊዜ ተሽከርካሪዎችና የጭነት መኪናዎች ናቸው። የግል አውቶሞቢል ሰው ለማውረድ፣ ለመጫን ወይም ወደ ጋራዥ ለመግባት ይችላል፤ ነገር ግን በሚቀጥለው በተፈቀደው መታጠፊያ ወደ ቀኝ ታጥፎ መውጣት አለበት። በመንገዱ ጠርዝም ዕቃ የሚወርድባቸውና የሚጫንባቸው ስፍራዎች ተለይተው ተመደቡ። ስለዚህ የመንገዱ አዲስ ሥርዓት የአውቶቡስና የጭነት መኪና ቅድሚያ ተብሎ ተጠራ።

በዚህ ስም ውስጥ ጭነት የሚለው ቃል የገባው እንዲያው አይደለም። የጭነት መኪናው ከመንገዱ ቢባረር ኖሮ ቸርቻሪው ዕቃውን የሚቀበልበት መንገድ ባጣ ነበር፤ አውቶቡሱም የሚያመጣለት ገዢ ባዶ መደርደሪያ ባገኘ ነበር። የከተማው ሹማምንት ሁለቱን አንድ ላይ ማየታቸው ለሙከራው መሳካት ትልቅ ድርሻ አለው።

ውጤቱም ፈጥኖ ታየ። በመጀመሪያዎቹ ቀናት አውቶቡሶቹ ከታቀደላቸው ሰዓት አስቀድመው ስለ ደረሱ፣ ሾፌሮች የሰዓት ሰሌዳውን ለመጠበቅ ሲሉ ቀስ ብለው መሄድ ግድ ሆነባቸው። የከተማው አስተዳደር በ2020 ዓ.ም. በጁን ወር ሥርዓቱ በቋሚነት እንደሚጸና ባስታወቀ ጊዜ፣ የአውቶቡሶቹ ፍጥነት እስከ 24 በመቶ፣ የተሳፋሪውም ቍጥር እስከ 30 በመቶ ድረስ ማደጉን ገለጠ።

የቶሮንቶ ኪንግ መንገድና የነጋዴዎቹ አቤቱታ

የኒው ዮርኩ ክርክር ይበልጡን የነዋሪዎች ነበር። በካናዳ አገር በቶሮንቶ ከተማ ግን ድምፃቸውን ከፍ አድርገው ያሰሙት ነጋዴዎች፣ በተለይም የምግብ ቤት ባለቤቶች ናቸው። በዚያ ኪንግ በተባለው መንገድ ላይ የሚመላለሰው በሐዲድ የሚሄድ የከተማ ትራም ነው እንጂ አውቶቡስ አይደለም፤ ነገር ግን የሙከራው አሳብና በንግድ ላይ ያስነሣው ጥያቄ ከአውቶቡሱ ጋር አንድ ነው።

ሙከራው ኖቬምበር 12 ቀን 2017 ዓ.ም. ተጀመረ። 2.6 ኪሎ ሜትር ያህል ርዝመት ባለው ክፍል ውስጥ አውቶሞቢሎች ቀጥ ብለው እንዳያልፉና በየመታጠፊያው ወደ ቀኝ እንዲወጡ ተደረገ። በጎዳናው ላይ የነበሩት 180 ያህል የአውቶሞቢል ማቆሚያዎችም ተነሡ። ከሙከራው በፊት በዚያ መንገድ በሥራ ቀን በትራም የሚጓዘው ሰው 72,000 ያህል ሲሆን፣ የሚያልፈው አውቶሞቢል 20,000 ያህል ነበር። ከሙከራው በኋላ የትራሙ ተሳፋሪ ወደ 84,000 ከፍ አለ።

ነገር ግን ክረምቱ በገባ ጊዜ አንዳንድ የምግብ ቤት ባለቤቶች ገበያቸው እጅግ እንደ ወደቀ፣ መንገዱም ጭር እንዳለ በመግለጥ አቤቱታ አቀረቡ። ከተማው ለዚህ የሰጠው መልስ ሁለት ዐይነት ነው። አንደኛው፣ በአቅራቢያው ባሉት ማቆሚያዎች አውቶሞቢላቸውን ለሚያቆሙ ሰዎች የዋጋ ቅናሽ መፍቀድና በበጋ ወራት ምግብ ቤቶች ወንበርና ጠረጴዛቸውን በጎዳናው ጠርዝ ላይ እንዲዘረጉ ማድረግ ነበር። ሁለተኛውና ለነጋዴ ይበልጥ ትምህርት የሚሰጠው ግን፣ ገበያውን በቍጥር መለካት ነው። በመደብሮቹ ውስጥ በካርድ የሚፈጸመውን ክፍያ ከሚመዘግብ ድርጅት የተጠቃለለ ሒሳብ እየተቀበሉ፣ የሙከራውን ወራት ካለፈው ዓመት ተመሳሳይ ወራት ጋር አስተያዩ። በጠቅላላው የተገኘው ውጤት በአካባቢው የሚወጣው የገዢ ገንዘብ እንዳልወደቀ፣ እንዲያውም በጥቂቱ እንዳደገ የሚያሳይ ነበር። የከተማው ምክር ቤትም በ2019 ዓ.ም. በአፕሪል ወር ሥርዓቱ ቋሚ እንዲሆን ወሰነ።

ከዚህ ታሪክ ሁለት ነገር ማስተዋል ይገባል። በመጀመሪያ፣ በምክር ቤቱ ፊት ክብደት ያገኘው ጩኸት ሳይሆን ቍጥር ነው። ሁለተኛ፣ የቀረበው ቍጥር አማካይ ነው። አማካይ ሒሳብ የአካባቢውን ሁኔታ ያሳያል እንጂ የእያንዳንዱን ቤት ችግር አያሳይም። አሥር መደብሮች ሲያድጉ ሁለት ቢወድቁ አማካዩ ማደጉን ብቻ ይናገራል። የወደቁት የሁለቱ መደብሮች ባለቤቶች የራሳቸው ትክክለኛ መዝገብ ከሌላቸው ጉዳታቸውን የሚያስረዱበት ሌላ መሣሪያ የላቸውም።

ደንበኛው በምን ይመጣል?

ነጋዴ ደንበኛውን ያውቃል፤ ደንበኛው በምን እንደሚመጣ ግን ሁልጊዜ አያውቅም። በእንግሊዝ አገር በብሪስቶል ከተማ የተደረገና በ2006 ዓ.ም. የታተመ ጥናት ይህን በግልጥ ያሳያል። ባለ ሱቆቹ ደንበኞቻቸው በምን እንደሚመጡ በተጠየቁ ጊዜ፣ ከመቶው 41 ያህሉ በአውቶሞቢል እንደሚመጡ ገመቱ። ገዢዎቹ ራሳቸው ሲጠየቁ ግን በአውቶሞቢል የመጡት ከመቶው 22 ብቻ ሆነው ተገኙ።

የዚህ ስሕተት ምክንያት ለመገመት አያስቸግርም። አውቶሞቢሉን ከበር ላይ አቁሞ የሚገባው ደንበኛ ለዐይን ይታያል፤ ማቆሚያ ሲያጣም ሲያጕረመርም ይሰማል። በእግሩ ወይም በአውቶቡስ የመጣው ግን በዝምታ ገብቶ በዝምታ ይወጣል። የአዲስ አበባም ነጋዴ ይህን በራሱ መደብር ሊፈትነው ይችላል። በአውቶቡስ፣ በሚኒባስ ታክሲ ወይም በእግር የሚመጣው ገዢ ስንት እንደ ሆነ ሳያውቅ ስለ አውቶቡስ ረድፍ መደገፍም መቃወምም በጨለማ መሄድ ነው።

ሆኖም ሁሉም ንግድ አንድ ዐይነት አይደለም። ሲሚንቶ፣ ቆርቆሮ፣ ማቀዝቀዣና ቁም ሣጥን የሚሸጥ ሰው ደንበኛው ዕቃውን በአውቶቡስ ይዞ ሊሄድ አይችልም። ጨርቅ፣ ጫማ፣ መድኃኒትና የጽሕፈት መሣሪያ የሚሸጠው ግን ከአውቶቡስ ወራጁ ብዙ ሊጠቀም ይችላል። ስለዚህ በአንድ መንገድ ላይ ያሉ ነጋዴዎች ሁሉ አንድ ዐይነት ቃል ይናገራሉ ብሎ መጠበቅ ትክክል አይደለም፤ የየንግዱ ዐይነት ለየብቻው መታየት ይኖርበታል።

ሙከራ መባሉ ምን ጥቅም አለው?

አንድ ጊዜ ከተሠራ በኋላ ሊለወጥ የማይችል ሥራ አለ። በ2015 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው የአዲስ አበባ ቀላል ባቡር ሐዲዱና አጥሩ በመንገድ መካከል ስለ ተዘረጋ፣ ከአንዱ ዳር ወደ ሌላው ዳር ይሻገር የነበረው ገዢ መሻገሪያ እስኪያገኝ ርቆ የሚሄድበት ስፍራ ብዙ ነው። እንዲህ ያለው ሥራ ከተፈጸመ በኋላ ስሕተት ቢገኝበት ማረም ብዙ ገንዘብ ይጠይቃል። በቀለም የተለየ የአውቶቡስ ረድፍ ግን ሰዓቱን ለማሳጠር፣ ማውረጃ ስፍራ ለመጨመር፣ ከነጭራሹም ለማንሣት ይቻላል። ሙከራ ለነጋዴ ጠቃሚ የሚሆነው በዚህ ምክንያት ነው፤ ሳይደርቅ በእርጥቡ፣ ሳይርቅ በቅርቡ ለማስተካከል ጊዜ ይሰጣል።

ይሁን እንጂ ሙከራ የሚለው ቃል ብቻውን ዋስትና አይሆንም። እውነተኛ ሙከራ የሚባለው የሚጀመርበትና የሚያበቃበት ቀን የታወቀ፣ ምን ምን እንደሚለካ አስቀድሞ የተጻፈ፣ ውጤቱም ለሕዝብ የሚገለጥ ነው። እነዚህ ሦስቱ ከጎደሉ ሙከራው በስም ብቻ ይቀራል። ነጋዴዎች በንግድ ምክር ቤታቸው አማካይነት መጀመሪያ ሊጠይቁ የሚገባቸውም እነዚህን ሦስት ነገሮች ነው።

መዝገቡን እንዴት መያዝ ይገባል?

የሽያጭ ሒሳብን ለመንገድ ጉዳይ ማስረጃ ለማድረግ አራት ነገሮች ያስፈልጋሉ።

አንደኛ፦ መዝገቡ ረድፉ ከመከፈቱ በፊት ይጀመር። ከለውጡ በኋላ ብቻ የተያዘ ቍጥር ከምን ጋር እንደሚመዛዘን አይታወቅም።

ሁለተኛ፦ ወር ከተመሳሳይ ወር ጋር ይመዛዘን። የመስከረምን ገበያ ከነሐሴ ገበያ ጋር ማስተያየት ትርጕም የለውም፤ የበዓልና የጾም ወራትም እንዲሁ።

ሦስተኛ፦ ለውጥ ያልተደረገበት ሌላ መንገድ ለማመዛዘኛ ይያዝ። ለምሳሌ በአውቶቡስ ረድፉ ዳር ያለ አንድ መደብር ባለፈው ዓመት ጥቅምት ወር 400,000 ብር ሸጦ በዘንድሮው ጥቅምት 360,000 ብር ሸጠ እንበል። የጎደለው 40,000 ብር፣ ማለትም 10 በመቶ ነው። ባለቤቱ ይህን ሁሉ በአውቶቡሱ ያሳብብ ይሆናል። ነገር ግን ረድፉ በሌለበት መንገድ ያለ ተመሳሳይ መደብር ሽያጭ በዚያው ወር ከ300,000 ብር ወደ 276,000 ብር ቢወርድ፣ ይህም 8 በመቶ መጕደሉ ስለ ሆነ፣ ገበያው በጠቅላላው ቀዝቅዞ ነበር ማለት ነው። የመጀመሪያው መደብር እንደ ሌላው 8 በመቶ ብቻ ቢወርድበት ኖሮ 368,000 ብር በሸጠ ነበር። እንግዲህ በረድፉ ምክንያት ሊሆን ይችላል ተብሎ የሚጠረጠረው ጉድለት 40,000 ሳይሆን 8,000 ብር ነው። 8,000 ብርን በማስረጃ የሚያቀርብ ነጋዴ፣ 40,000 ብርን በጩኸት ከሚያቀርበው ይልቅ ይሰማል።

አራተኛ፦ ብሩ ብቻ ሳይሆን የደረሰኙና የዕቃውም ብዛት ይመዝገብ። ዋጋ በሚንርበት ጊዜ የብሩ ቍጥር ያታልላል። ሽያጩ ከ400,000 ወደ 420,000 ብር አድጎ የዕቃው ዋጋ ግን በዚያው ዓመት 15 በመቶ ጨምሮ ከሆነ፣ መደብሩ የሸጠው ዕቃ በእርግጥ ቀንሷል። ማዘጋጃ ቤቱ ሽያጭ አልወደቀም ብሎ በብር ቢከራከር፣ ነጋዴው በደረሰኝ ቍጥር መልስ ለመስጠት ይችላል።

ስለ ማውረጃና መጫኛ ስፍራ

በአውቶቡስ ረድፍ ምክንያት ለነጋዴ ከሁሉ የሚከፋው ጉዳት የደንበኛ ማቆሚያ መነሣቱ ሳይሆን፣ ዕቃ ማውረጃ ማጣቱ ነው። ደንበኛ ጥቂት ርምጃ ሊራመድ ይችላል፤ የስኳር ጆንያ ግን አይራመድም። ካሚዮኑ ርቆ ሲቆም የተሸካሚ ዋጋ ይጨምራል፤ ዕቃም ይጎዳል፤ ይህም ሁሉ በመጨረሻ በዋጋው ላይ ይደመራል።

መፍትሔው በሦስት መንገድ ሊገኝ ይችላል። ረድፉ ሰዓት እንዲኖረው ማድረግ፣ ይኸውም ሠራተኛ በሚበዛበት በጧትና በማታ ለአውቶቡስ፣ በቀሩት ሰዓቶች ለጭነት እንዲሆን፤ ወይም በየመስቀለኛው መንገድ ማዕዘን ላይ ለማውረጃ ብቻ የሚሆን ስፍራ መለየት፤ ወይም እንደ ኒው ዮርኩ 14ኛ መንገድ የጭነት መኪናን ከአውቶቡሱ ጋር ቅድሚያ መስጠት ነው። የትኛው እንደሚሻል የሚወስነው የመንገዱ ስፋትና የንግዱ ዐይነት ነው። አስመጪው በየስንት ቀኑ፣ በስንት ሰዓት፣ በምን ያህል ካሚዮን ዕቃ እንደሚያወርድ ጽፎ ካላቀረበ ግን ማዘጋጃ ቤቱ ከሦስቱ አንዱን በግምት ይመርጣል።

ማጠቃለያ

የከተማ ሕዝብ እየበዛ መንገዱ ግን በሕንፃዎች መካከል ተወስኖ በሚቀርበት ዘመን፣ መንገዱን ለማን እናስቀድም የሚለው ጥያቄ ወደ እያንዳንዱ የንግድ ከተማ መምጣቱ አይቀርም። ነጋዴው ለዚህ ጥያቄ ሁለት ዐይነት መልስ ሊሰጥ ይችላል። አንደኛው ረድፉ ከተከፈተ በኋላ ተሰብስቦ ማማረር ነው። ሁለተኛው ከመከፈቱ በፊት መዝገብ መያዝ፣ ደንበኛውን መቍጠር፣ የማውረጃ ሰዓቱን መጻፍ፣ ከዚያም በምክር ቤቱ በኩል ለሹማምንቱ ማቅረብ ነው።

የመዝገቡ ቍጥር ነጋዴው እንደ ሠጋው ጉዳቱን ቢያሳይ፣ ሥርዓቱ እንዲታረም የሚያስገድድ ማስረጃ ይሆነዋል። ቍጥሩ ገበያው እንዳደገ ቢያሳይም ነጋዴው አልተጎዳም፤ ሊቃወመው ያሰበው ነገር ጠቃሚው መሆኑን በጊዜ ዐውቋል። ከመጠምጠም መማር ይቅደም እንደ ተባለው፣ ከመከራከርም መለካት ይቅደም።